በጎዶሎ ቀን ቢሮ

ሴፕቴምበር 2፣ ማክሰኞ

ወጣ! የዶኛ ስቴላ ቦታ ወጣ።

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ አሁን ወደ ፎቅ ብወጣ ፊቴ ላይ ያነቡብኛል። ዶኛ ስቴላ ጡረታ ከወጣች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ የካሳ ክፍሉ እስካሁን ኃላፊ የለውም። እኔ በዚህ ኢንሹራንስ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጋጨ መኪና ፋይል ሳገላብጥ ኖሬአለሁ። ከእኔ የበለጠ ፋይል የዘጋ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ማስታወቂያው ላይ አንድ መስመር አለ፦ «የክፍሉ ኃላፊ የሥራ ሰዓቱን ራሱ ያወጣል።» አምስት ጊዜ አነበብኩት።

ለአባዬ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሰዓቴን ራሴ ካወጣሁ አባዬን ቤቴ አቆየዋለሁ። ወንድሜ ኤርናንዶ «እስከ ገና የአባዬን ነገር ካላስተካከልሽ ወደ ኔይባ፣ እኔ ቤት እወስደዋለሁ» ብሎኛል። ኔይባ! ሙቀትና ትንኝ። አርባ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ እየነዳ ቦጎታን ሲዞር የኖረ ሰው እዚያ ሄዶ ማንን ሊያውቅ ነው?

ሴፕቴምበር 3፣ ረቡዕ

የቤት ቀን። ዝናብ።

ከሳምንቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢሮ፣ ቀሪውን ከቤት፤ ቀኑን እያንዳንዱ ይምረጥ የተባልን ጊዜ ሰው ሁሉ ዓርብን ከቤት ለመሥራት ሲናጭ እኔ በመኪናዬ ሰሌዳ መረጥኩ። በከተማው የሰሌዳ ሕግ መኪናዬ በጎዶሎ ቀን (አንድ፣ ሦስት፣ አምስት...) መንገድ ላይ ከታየ ትራፊክ ይይዘኛል፤ በሙሉ ቀን (ሁለት፣ አራት...) ግን ነፃ ነኝ። ስለዚህ በሙሉ ቀን አባዬን መንገዴ ላይ ያለው የአረጋውያን መዋያ አድርሼ ቢሮ እገባለሁ፤ በጎዶሎ ቀን ሁለታችንም ቤት ነን። ያኔ በብልሃቴ ራሴን አደነቅኩ።

የቤት ቀን ሥራዬን እወደዋለሁ። አባዬ ከጎኔ ተቀምጦ የግጭቶቹን ፎቶ ያያል። የጠዋቱን ቁርስ ይረሳል፣ የእናቴን መሞት ይረሳል፣ መንገድ ግን አይረሳም። «ይቺ ቀይዋ ናት ጥፋተኛ፣ ልጄ። እዚህ ጋ ዳገት አለ፣ ፍሬን ይዛ ነበር» ይለኛል። ምርመራው ሲመጣ ቀይዋ ናት።

ሴፕቴምበር 5፣ ዓርብ

ይሄን ለማን ልንገር?

የስክሪን ስብሰባ ነበር። ዶክተር ኢሬጊ፣ አለቃችን (ዶክተር የምንለው አለቃ ስለሆነ ነው እንጂ በሽተኛ አይቶ አያውቅም) ከጥር ጀምሮ እዚህ ነው። ስምንት ወር። ተራዬ ሲደርስ ፈገግ ብሎ፣ «እሺ ዶኛ ኖራልባ፣ ሜዴዪን ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል?» አለኝ።

ሜዴዪን። ሰውዬው የሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሠራተኛ ነው የሚመስለው እኔን!

ዬይሚ ናት ያረመችው። «ዶክተር፣ ኖራልባ እኮ እዚሁ ቦጎታ ናት፣ የእኛው ክፍል» አለች እየሳቀች። ዬይሚን ፋይል መክፈት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ለቦታው አመልክታለች ይባላል። እሱም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጆሮዬ ግን ጭው እንዳለ ዋለ።

ሴፕቴምበር 8፣ ሰኞ

ቲንቶ የምታዞረውን ሉዝ ዳሪን ጠየቅኋት። በዚያ ፎቅ የእሷን ጥቁር ቡና ሳይጠጣ የሚወሰን ነገር የለም፤ ኩባያ እየሰጠች ሁሉን ትሰማለች።

«ዶክተሩ ለምን አይታይም?» አልኳት።

«ውይ የኔ እመቤት፣ እሱ እኮ በጎዶሎ ቀን ነው የሚመጣው። መኪናው እንደዚያ ናት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቡና ማሽኑ ጋ ይቆማል፣ ዬይሚና ሌሎቹም ይከቡታል። እዚያው ሥራውን ይጨርሱታል። እኔማ አንቺን እያሰብኩ እገረም ነበር፤ ይቺ ሴት ከሰውዬው ተጣልታ ነው ወይ እያልኩ!»

ይኸው ብልሃቴ። ስምንት ወር ሙሉ በየተራ አንድ ወንበር ለማሞቅ ተስማምተን የተለያየን ያህል፣ እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ። ሁለት ሺህ ፋይል ዘግቼ ለባዶ ወንበር ነው የታየሁት። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባል የለ፤ እኔ መጀመሪያውኑ ዓይን ውስጥ አልገባሁም።

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

ቀኑን ልቀይር ብል በጎዶሎ ቀን አባዬን በምን ላደርሰው? አውቶቡስ ላይ አይሆንም። ባለፈው ዓመት ሞክረናል፤ ሾፌሩ መስቀለኛው ላይ ሲዘናጋ አባዬ ከኋላ ሄዶ መሪውን ያዘው። ታክሲም ሁለት ጊዜ ሞከርን። «አንተ መንጃ ፈቃድህን ከገበያ ነው የገዛኸው?» ብሎ አባዬ ሲሞልጨው ሁለተኛው ሾፌር ዝናብ ላይ አወረደን። ያኔ ስቄ ነበር።

ቤት ትቼው ግማሽ ቀን ብቻ ብሄድስ? እስከ ሰባት ሰዓት። ጠዋት ይተኛል እኮ።

ሴፕቴምበር 11፣ ሐሙስ

ሄድኩ። አራት ሰዓት ላይ ማሽኑ ጋ ቆምኩ። ዶክተሩ መጣ፣ አየኝ፣ «ኦ፣ ከሜዴዪን!» አለ፤ መቀለዱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ትንፋሽ ልነግረው ተዘጋጅቼ የነበርኩ ሴት ምን ብናገር ጥሩ ነው? ስለ ዝናብ። ስለ ዝናብ አወራሁት! ምነው አፌን በቆረጠው።

አባዬ ደህና ነው። ስመለስ ተኝቶ ነበር። አየሽ፣ ይቻላል።

ሴፕቴምበር 15፣ ሰኞ

አይቻልም። የሕንጻችን ዘበኛ ስልክ ደወለ። አባዬ በነጠላ ጫማ ወርዶ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሞ ሾፌሮቹን ሲያስተናብር አግኝቶታል። ወደ ቤት እየሮጥኩ ስመጣ ቆጣ ብሎ፣ «መስመር ሃያ ሦስት ዘግይቷል፣ ሰው ቆሟል» አለኝ። እግሩ በረዶ ሆኗል።

ወቀስኩት። መውቀስ አልነበረብኝም።

ሴፕቴምበር 17፣ ረቡዕ

በሩን ከውጭ ቆለፍኩ። ለራሱ ደኅንነት ነው።

ጠረጴዛው ላይ ታብሌቱን አቆምኩና ለሁለት ሰው የስክሪን ስብሰባ ከፈትኩ፤ አንደኛዋ ከቢሮ ኮምፒውተር እኔ፣ ሁለተኛው ከቤት አባዬ። ቢሮ ሆኜ በስክሪኑ ጥግ የክብሪት ሳጥን በምታህል መስኮት አየዋለሁ። ከቤት የምንሠራው በዚህ ከሆነ ቤትን ከቢሮ መጠበቅስ ለምን አይቻልም? እንዲያውም ካሁን በፊት እንዲህ ለረጅም ሰዓት አይቼው አላውቅም።

ዛሬ ከዶክተሩ ጋር ስለ ሥራ አወራሁ። የፋይል መዝጊያ ጊዜን ከአሥራ አራት ቀን ወደ ስድስት እንዴት እንዳወረድኩት ጠየቀኝ። ጠየቀኝ!

ሴፕቴምበር 19፣ ዓርብ

ከሰው ኃይል መጠይቅ መጣ። «ቤትና ቢሮ እያፈራረቁ በመሥራትዎ ምን ያህል ረክተዋል? ከአንድ እስከ አምስት።» አራት ሞላሁ። አምስት ብሞላ ማሽቃበጥ ይመስላል። ሦስት ብሞላ ደግሞ ማን እንደሚያየው አይታወቅም።

ሴፕቴምበር 23፣ ማክሰኞ

አባዬ ታብሌቱን ያወራዋል። «ልጄ፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው፣ ነይ እንጂ» ይላል። «ልጄ፣ ምን ያስቆጣሽ ነገር አለ?» ይላል። በጆሮ ማዳመጫዬ እየሰማሁት ለደንበኛ ደብዳቤ መጻፍ አልቻልኩም። አንዱን ደብዳቤ «አባዬ መጣሁ» ብዬ ጽፌ ልልከው ነበር።

ድምፁን አጠፋሁት። ምስሉ ይበቃኛል።

ሴፕቴምበር 25፣ ሐሙስ

ቁርጡ ታወቀ። እኔና ዬይሚ ብቻ ቀርተናል። ኦክቶበር 3፣ ዓርብ፣ በሥራ አመራሩ ፊት እያንዳንዳችን ሃያ ደቂቃ እናቀርባለን።

መጸዳጃ ቤት ውስጥ እያለሁ ዬይሚና አንዲት ልጅ ገቡ። ልጅቷ፣ «ሴትዮዋ ደግሞ በድንገት ቢሮውን ተከራየችው እንዴ?» አለች። ዬይሚ አልሳቀችም። «ተይ፣ ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ግን የሆነ ነገር አላት። ስታወሪያት ዓይኗ ስክሪኑ ጥግ ላይ ነው» አለች።

እስኪወጡ እግሬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ሴፕቴምበር 29፣ ሰኞ

ጎረቤታችን ዶኛ ኦቲሊያ ሊፍት ውስጥ ያዘችኝ።

«አባትሽ፣ ዶን ኤሊዬሰር፣ በሩን ያንኳኳል። ከውስጥ» አለች።

«ቀኑን ሙሉ አየዋለሁ እኮ፣ ዶኛ ኦቲሊያ። በካሜራ።»

«እሱስ? እሱ አንቺን ያያል?» ሊፍቱ ሲቆም አልወረደችም። «ቁልፍ ስጪኝ፣ አልፎ አልፎ ልግባለት። እንቢ ካልሽም እንቢ በይ። ግን ኖራልባ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።»

ቁልፍ አልሰጠኋትም። ሴትዮዋ ወሬኛ ናት፣ ሕንጻው በሙሉ ይሰማል። ከዓርብ በኋላ ሁሉም ይስተካከላል። ከዓርብ በኋላ።

ኦክቶበር 1፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። አባዬ ዛሬ ከአልጋው ሳይነሳ፣ «ልጄ፣ ዛሬ ሙሉ ነው ጎዶሎ?» አለኝ። ቀን ለይቶ ማወቅ ጀምሯል! ሐኪሙ ቢሰማ ደስ ይለዋል። «ጎዶሎ» አልኩት። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ዞሮ ተኛ።

ኦክቶበር 3፣ ዓርብ

መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ ሌላ ታሪክ እነግራለሁ።

ዬይሚ ቀድማ አቀረበች። ጥሩ ነበረች። ቀጥሎ የእኔ ተራ። የረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ስምንት ሰው፣ በራስጌው ዶክተር ኢሬጊ። ኮምፒውተሬን ከግድግዳው ትልቅ ስክሪን ጋር አገናኘሁና መናገር ጀመርኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ማንም እኔን እንደማያይ አወቅሁ። ከራሴ በላይ ነው የሚያዩት።

ዞርኩ። ያቺ የክብሪት ሳጥን የምታህል መስኮት ግድግዳው ላይ የበር ያህል ሆናለች። መዝጋት ረስቻለሁ። ለሁለት ሳምንት ከዓይኔ ጥግ ስላልተለየች የኮምፒውተሩ አካል መስላኛለች።

አባዬ ካፖርቱን ለብሶ በሩ ጋ ቆሟል። እጀታውን ይይዛል፣ ይጫናል፣ ይለቃል። ደግሞ ይይዛል። ከዚያ ወደ ታብሌቱ መጣ፤ ፊቱ ግድግዳውን ሞላው። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁን አጥፍቼዋለሁና አይሰማም። ወደ ኋላ ሲል ሱሪው እርጥብ ነበር፤ ከጭኑ እስከ ጉልበቱ። ስምንት ሰው አየው። አባቴን፣ ዶን ኤሊዬሰርን፣ ሸሚዙን ሳይተኩስ ከቤት ወጥቶ የማያውቀውን ሰው።

ዬይሚ ቀስ ብላ «ኖራልባ...» አለች። ከወንበሯ ግማሽ ተነስታለች።

ዶክተሩ፣ «ቤተሰብ ነው? መሄድ ካስፈለገዎት ሌላ ቀን እናደርገዋለን» አለ።

ልብ በይ፣ አንቺ ደብተሩን የምትጽፊ ሴት፤ ሰውዬው ሂጂ ብሎሻል። በሩ ክፍት ነበር።

«አይ፣ ምንም አይደለም» አልኩ። መስኮቷን ዘጋኋት። «እንግዲህ ከአሥራ አራት ቀን ወደ ስድስት ያወረድነው በዚህ መንገድ ነው» ብዬ ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻው። ከዚያ ጥያቄ ነበራቸው፣ መለስኩ። አንዱንም አልሳትኩም።

ቤት የደረስኩት ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቼ ነው። በጎዶሎ ቀን የሚያደርሰኝ መኪና የለኝም፣ መንገዱም ተዘጋግቶ ነበር። አባዬ ሱሪውን ራሱ አጥቦ ወንበር ላይ አስጥቶታል። በፎጣ ተጠቅልሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ እጁን ፊቱ ላይ አደረገና፣ «አትቆጪኝ፣ እመቤቴ» አለኝ። እመቤቴ። ለማያውቃት ተሳፋሪ የሚለውን።

ኦክቶበር 4፣ ቅዳሜ

አሂያኮ፣ የዶሮና የድንች ሾርባ፣ ሠራሁለት። ሁለት ሳሕን በላ። አንድም ነገር አያስታውስም። እግዜር ይመስገን አልኩ፤ ማለቴም አሳፈረኝ።

ኦክቶበር 7፣ ማክሰኞ

ቦታውን ሰጡኝ።

ዶክተሩ ቢሮው ጠርቶኝ እጄን ጨበጠ። «የዓርቡን ነገር ሁሉም እስካሁን ያወራዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ይበረግግ ነበር። አንቺ ግን ዓይንሽን አላርገበገብሽም። እንዲህ ያለ ሰው ነው የምፈልገው» አለኝ። ያን ቀን «እርስዎ» ነበርኩ፤ ዛሬ «አንቺ» ሆኛለሁ። ሹመት መሆኑ ነው።

ስለ ሰዓቱ ጠየቅሁት። «ሰዓቱንማ አንቺ ታወጪያለሽ፤ በአንድ ብትገቢ፣ በሦስት ብትገቢ። ግን እዚሁ ነው፣ አምስቱንም ቀን። ኃላፊ ካልታየ እንዴት ይሆናል? ይሄን ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል?» አለ።

አመሰግናለሁ አልኩ። ወጥቼ አሳንሰሩ ውስጥ ቆሜ ቁጥር መጫን ረሳሁ።

ሉዝ ዳሪ አልሞሃባና፣ የአይብ ዳቦ፣ በናፕኪን ጠቅልላ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ አለቃዬ» ብላ ሰጠችኝ። ዬይሚም እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። ዓይኔን ግን አላየችኝም።

ኦክቶበር 8፣ ረቡዕ

ኤርናንዶ ደወለ። ልነግረው፣ ቀን ልለምነው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ለሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ እመጣለሁ። ዕቃውን አዘጋጂለት።»

«እስከ ገና ነው ያልከው! ቃል ነው የገባኸው!»

«እኔ አይደለሁም፣ ኖራ። እሱ ነው የደወለልኝ። ባለፈው ዓርብ በቤት ስልኩ። ቁጥሬን ከየት እንዳስታወሰው እግዜር ይወቅ።»

«ምን አለህ?»

«'እዚያ ሰው አለ ወይ?' አለኝ። ሚስቴ አለች፣ ልጆቹ አሉ፣ ግቢው ውስጥ ሁልጊዜ ሰው አይጠፋም አልኩት። 'እንግዲያው ና ውሰደኝ' አለ።»

ጮህኩበት። ያደረግሁት ሁሉ ለእሱ ነው አልኩ። ሁሉም ለእሱ ነው። ኤርናንዶ እስክጨርስ ጠበቀና «እሺ» አለ። እሺ ብቻ።

ኦክቶበር 13፣ ሰኞ

ሦስት ጊዜ ልጠይቀው ሞከርኩ። «አባዬ፣ መሄድ ትፈልጋለህ?» እለዋለሁ። «ወዴት?» ይለኛል።

ልተወው? ቦታውን ልመልስ? ዛሬ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሁለት መስመር፣ አጭር። አልላክሁትም። ነገ እልከዋለሁ።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

አልላክሁትም። አዲሱ ወንበሬ መስኮት አጠገብ ነው። ስገባ ሰዎች ቀና ብለው ያዩኛል። ይሄን ነገር እንደምወደው አላውቅም ነበር። አላውቅም ነበር ማለትም ውሸት ነው።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

ለጠዋቱ ብቻ ከቤት እንድሠራ ተፈቀደልኝ። ኤርናንዶ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል ተብሎ ሁለት ተኩል መጣ። የሥራ አመራሩ ስብሰባ ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ በኃላፊነት የምገባበት የመጀመሪያዬ ነው።

ሻንጣውን በአንድ እጄ ይዤ ወረድኩ፣ በሌላው ስልኩን። ማዳመጫው ሁለቱም ጆሮዬ ውስጥ ነበር። አባዬ ካፖርቱን ለብሶ፣ ፀጉሩ ተበጥሮ መኪናው ውስጥ ገባ። መስተዋቱን አወረደና እጄን ያዘ። ዓይኑ ጥርት ያለ ነበር፤ እኔን ነው ያየው፣ «እመቤቴ» የሚላትን ሴት አይደለም። መናገር ጀመረ።

በዚያችው ደቂቃ ዶክተሩ ጆሮዬ ውስጥ «ኖራልባ፣ ቁጥሮቹን ትነግሪናለሽ?» አለ።

ለአባዬ በጣቴ «አንዴ» አልኩትና ዞሬ ቁጥሮቹን ተናገርኩ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ስመለስ ንግግሩን ጨርሷል። እጄን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና ለቀቀኝ። ኤርናንዶ ከመሪው ላይ ያየኝ ነበር። መኪናው ሄደ።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ደወልኩ። ዓርብ ምን ብሎኝ እንደነበር አባዬን ጠየቅሁት። «መቼ?» አለኝ፤ ከኋላው ልጆች ይስቃሉ፣ አንዱ ኳስ ይመታል። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ብዙ ሰው አለ» አለኝና ስልኩን ለኤርናንዶ ሰጠው።

«ዓርብ ዕለት መኪናው ውስጥ ሆኖ የተናገረው ምን ነበር? አንተ አጠገቡ ነበርክ» አልኩት።

«ሰምቼዋለሁ።»

«ንገረኛ!»

ሊነግረኝ ሲል ትንፋሹን ሰማሁት፤ ከዚያ ተወው።

«ለአንቺ ነው የተናገረው፣ ኖራ» አለኝ።